ሊቀ ሽቦ ዴስ እና ዝም ያለው ፓምፕ

ሦስት ቤት በተሠራበት ቦታ ሁሉ፣ ከሦስቱ በአንደኛው ጓሮ፣ ጎማዋ የወለቀ መኪና በድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ከመኪናዋ ሥር ሁለት እግሮች ወጥተው ይታያሉ። የእግሮቹ ባለቤት ገንዘብ አይጠይቅም፣ ቀጠሮ አይሰጥም፣ "አላውቅም" የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። እናንተ አትፈልጉትም፤ እሱ ይፈልጋችኋል። ጠዋት መኪናችሁ ሁለቴ አቃስታ በሦስተኛው ስትነሳ፣ ከአጥር ማዶ አንድ ራስ ብቅ ይላል። ፊቱ ያዘነ ይመስላል፤ ልቡ ግን ሠርግ ቤት ነው።

የእኛው ሰው ሊቀ ሽቦ ዴስ ፔንሄል ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። በትንሿ የወደብ ከተማችን በፖርት ኬሪን ማንም ማንንም አንቱ አይልም፤ ቄሱንም፣ የፖሊሱን ኃላፊም፣ ዘጠና የደፈነውንም ሽማግሌ በስሙ ጠርተን አንተ ነው የምንለው። እኔም ፊት ለፊት ዴስን አንተ እላለሁ። እዚህ ግን ወረቀቱ የእኔ ነውና እንደፈለግሁ አከብራቸዋለሁ። ለባለቤታቸው ለቤሪልም ማዕረግ አስቤ ነበር፤ ብትሰማ ትስቅብኛለች ብዬ ተውኩት።

ሊቀ ሽቦ ዴስ ወደቡ አጠገብ ባለው የስንዴ ጎተራ ሠላሳ አንድ ዓመት በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት አገልግለው ጡረታ ወጥተዋል። ረጅም ናቸው፤ ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ ሲራመዱ ኪሳቸው ውስጥ የሚንኳኳው ሳንቲም እንዳይመስላችሁ፣ ፊውዝ ነው። "ሱሪውን ሳጥብ የአንድ ሰፈር መብራት እጄ ላይ ይቀራል" ትላለች ቤሪል።

ሃይማኖታቸው ሁለት አንቀጽ አለው። አንደኛው "ሽቦ አይዋሽም፤ የሚዋሸው ሰው ነው" ይላል። ሁለተኛው "ይቺማ አምስት ደቂቃ ናት" ይላል። በሁለተኛው አንቀጽ መሠረት የፖስታ ቤቷ ዶሪን መኪና ከፋሲካ እስከ ገና ጓሯቸው ቆማለች። የእኔ ሣር ማጨጃ አምስት ደቂቃ ተብሎ ሄዶ ሲመለስ እንደ አውሮፕላን ይጮህ ጀመር፤ አሁን ሣሩ ሳይታጨድ በድንጋጤ ይተኛል። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ማሞቂያ እሳቸው ከጠገኑት ወዲህ የሽንት ቤቱ መብራት ካልበራ አይሞቅም። ክረምቱን ሙሉ ስብከቱ ከመጀመሩ በፊት አንድ ምዕመን ተነስቶ መብራቱን አብርቶ ይመለሳል። እንግዳ ከመጣ "ሆዱን አሞት ነው" ብለን እናልፈዋለን።

የሽቦ ሥዕል ብታሳዩአቸው መነጽራቸውን ያወልቃሉ። "ሥዕል ለማያውቅ ነው" ይላሉ።

ስለ ዓሣ ዘይቱም ልንገራችሁ። በእኛ ዳርቻ ነፋሱ ጨው ነው፤ ብረት እንደ ብስኩት ይበላል። ስለዚህ የፖርት ኬሪን ሰው መኪና ሲገዛ ገና ዘመድ ሳያሳይ ሥሯን የዓሣ ዘይት ይረጫታል። ዘይቱ ደርቆ እንደ ቆዳ ይይዛል፤ ዝገት መግቢያ ያጣል። ሽታውን ለምደነዋል። ድመቶች ግን አልለመዱትም፤ አዲስ የተቀባ መኪና በዋናው መንገድ ሲያልፍ እንደ ለቀስተኛ ተሰልፈው ይከተሉታል። ሊቀ ሽቦ በዚህ ከሁላችንም ይብሳሉ። መጀመሪያ ቀለም፣ በላዩ ዘይት፣ በዘይቱ ላይ እንደገና ቀለም፣ እያንዳንዱ ቡሎን ሳይቀር በትንሽ ብሩሽ።

እንግዲህ ወደ ሊቀ ሽቦ ነጭ ፒካፕ።

ልጃቸው ሜሪን ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ፣ ከባሕር ሲመለሱ፣ ከሸርጣኑ ባልዲ አጠገብ ተቀምጣ "ይቺ መኪና የማን ናት?" ብላ ጠየቀቻቸው አሉ። "ስታድጊ ያንቺ ናት" አሏት። ሜሪን አደገች፣ ነርስ ሆነች፤ ባለፈው መጋቢት ደግሞ በሰሜን በረሃ፣ ከእኛ አንድ ቀን ተኩል መንገድ ርቆ ባለ ክሊኒክ የመጀመሪያ ሥራዋን አገኘች። ሥራው ሰኞ ይጀምራል። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ መነሳት አለባት። እዚያ አገር ደግሞ ያለ መኪና መኖር ያለ ውኃ እንደ መኖር ነው።

የፒካፗ ሞተር ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። ሊቀ ሽቦ ከተጋጨ የቤት መኪና ላይ አዲስ ዓይነት ሞተር ፈልገው አመጡና ሰባት ሳምንት ታገሉ። የሞተሩን መቀመጫ ቀጠሉ፣ ቧንቧውን አጎበጡ፣ ሽቦውን ከአንዱ መኪና ነቅለው በሌላው ዘረጉ። ሲጨርሱ ሞተሩ እዚያው የተወለደ ይመስል ነበር። ሰዉ ከሥራ ሲወጣ እየመጣ አየላቸው።

ማክሰኞ ሜሪን ገብታ ቁልፉን አዞረች። ሞተር አስነሺው ሞተሪኖ ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ። ሞተሩ ግን ትንፍሽ አላለም።

"ነዳጅ አልደረሰውም" አሉ ሊቀ ሽቦ። "ይቺማ አምስት ደቂቃ ናት።"

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮው ሞተር ነዳጁን ራሱ እየሳበ ይጠጣ ነበር። አዲሱ የሀብታም ልጅ ነው፤ ከኋላ፣ ከታንከሩ ሥር፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ ገፍቶ ካላቀረበለት አይነሳም። ፒካፗ እንዲህ ያለ ፓምፕ ኖሯት አያውቅምና ፓምፑንም፣ ሽቦውንም፣ ለፓምፑ እንደ በረኛ ኤሌክትሪክ የሚከፍትለትን ሪሌ የሚሉትን ትንሽ ሳጥንም ያስገቡት ሊቀ ሽቦ ራሳቸው ናቸው።

እኔ አምፖል ያዥ ሆኜ ተቀጠርኩ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ታሪክ ስላጠናሁ ሊቀ ሽቦ "ፕሮፌሰር" ይሉኛል፤ ስድብ ነው። መሞከሪያ አምፖሉ ካቻቢቴ ይመስላል፤ እጀታው ውስጥ ሚጢጢ አምፖል አለች፣ ከኋላው ረጅም ሽቦ ወጥቶ በመቆንጠጫ ያልቃል። መቆንጠጫው የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ይያዛል፤ ሹሉ ጫፍ ወደ ፓምፑ የሚሄደውን ሽቦ ሲነካ፣ ኤሌክትሪክ ካለ አምፖሏ ትበራለች። ይህን ለመያዝ ዲግሪ አያስፈልግም ይላሉ፤ እኔን ሲያዩ ግን ይጠራጠራሉ።

"ቁልፉን አዙሪ" አሉ ከመኪናው ሥር ሆነው።

ሜሪን አዞረች።

"በራ?"

"በራ" አልኩ።

"ፓምፑስ?"

"ዝም ብሏል።"

"ሽቦ አይዋሽም። ኤሌክትሪኩ ደርሷል። ስለዚህ የሞተው ፓምፑ ነው።"

ፓምፑን ፈትተው ጠረጴዛ ላይ አጋደሙትና በቀጥታ ከባትሪ ጋር አገናኙት። እንደ ንብ ጮኸ።

"ሕያው ነው" አልኩ።

"አይቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን ከታች—"

"አምፖልህን ያዝ፣ ፕሮፌሰር።"

ረቡዕ ሌላ ፓምፕ አመጡ። ሐሙስ ጠዋት ሦስተኛ። ሦስቱም ጠረጴዛ ላይ ዘፋኝ፣ ከመኪና ሥር መነኩሴ ሆኑ። ሪሌው ሁለት ጊዜ ተቀየረ። ፊውዙ፣ ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ ለክብሩ ሲባል ተቀየረ። በየመሀሉ የፓምፑን ሻጭ፣ የሻጩን አባት፣ በመኪና ውስጥ ኮምፒውተር ይግባ ያለውን ሰው በየተራ ረገሙ።

ቤሪል ምሳ ይዛ መጣች፤ ሥጋና ድንች በሊጥ ተጠቅልሎ የተጋገረ ፓስቲ ነበር። ከመኪናው ሥር ለወጡት እግሮች እንዲህ አለቻቸው፤

"ዴስ፣ ሥዕሉን ብታየው ምናለበት?"

"ቤሪል፣ ሥዕል ለማያውቅ ነው።"

"እኮ" አለች፣ ሳህኑን መሬት ላይ አኑራ ሄደች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እኔ አንድ ስህተት ሠራሁ። ከኋላ ወደ ፊት፣ ከባትሪ ወደ ታንከር መመላለስ ሰልችቶኝ መቆንጠጫውን እዚያው ቅርቤ ባገኘሁት ቡሎን ላይ ያዝኩት። ቡሎኑ የፓምፑ የመመለሻ ሽቦ ከመኪናዋ የብረት አጽም፣ ከሻንሲው ጋር የታሰረበት ነው። ሹሉን አስነካሁ። ሜሪን ቁልፉን አዞረች።

"በራ?"

"አልበራም።"

"እንዴት አልበራም? የት ነው የያዝከው?"

"እዚህ፣ ቡሎኑ ላይ።"

"ማን እዚያ ያዝ አለህ? ባትሪው ላይ አላልኩህም? ታሪክ ሲያስተምሩህ ባትሪ የሚባል ነገር አልነገሩህም?"

"ግን እኮ ዴስ፣ እዚህ ለምን አይ—"

"ስላጣመምከው ነው።"

ባትሪው ላይ መልሼ ያዝኩት። በራ። ሊቀ ሽቦ "ይኸው" አሉ፣ ነገሩም በዚያው ተዘጋ።

እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ሳህን ሳጥብ እጄ ቆመ። አእምሮዬ ለሽቦ ዘገምተኛ ነው፤ ቢሆንም ይደርሳል። ኤሌክትሪክ እንደ ሰው ነው፤ መመለሻ ከሌለው አይሄድም። አምፖሏ መመለሻ ከባትሪው ስታገኝ በራች፤ ያንን ቡሎን መመለሻ ሁነኝ ብትለው እምቢ አላት። ፓምፑ ደግሞ ከዚያ ቡሎን ሌላ መመለሻ የለውም። ቡሎኑ ለምን እምቢ አለ? ቀለም፣ ዘይት፣ እንደገና ቀለም። ለልጃቸው መኪና ሲሆን ደግሞ ሊቀ ሽቦ ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ ቀብተዋል። ብረት ብረትን እንዳይነካ አድርገው አስረውታል። ሌላውን ሁሉ የተጠራጠሩ ሰው ያንን ቡሎን ያልተጠራጠሩት ከሠሩት ሁሉ የሚኮሩበት እሱ ስለሆነ ነው።

ልነግራቸው እጄን እየጠረግሁ ወጣሁ። በቤቶቻችን መካከል ያለው አጥር ጋ ሜሪን ቆማለች።

"አባዬ የለም፣ ሪሌ ፍለጋ ወጥቷል" አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ሌላ መኪና አይቻለሁ። ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሄጄ እፈርማለሁ ብያለሁ።"

"ነገርሽው?"

"እንዴት ብዬ? ሰምቶ ይስቃል እኮ። 'ግዢ፣ ደግ አደረግሽ' ነው የሚለኝ። ከዚያ የጋራዡን በር ይዘጋል፣ ሁለተኛም አይከፍተውም።" አጥሩን በጥፍሯ ፋቀችው። "ያቺን መኪና አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲሰጠኝ ነው የኖረው። ልደቴ በመጣ ቁጥር ይሰጠኛል። የወንድ ጓደኛዬ ትቶኝ የሄደ ጊዜ እንኳ፣ ሌላ የሚለው ሲያጣ፣ 'ፒካፗ እኮ ያንቺ ናት' ነበር ያለኝ።"

ያኔ ነው ምላሴን የነከስኩት።

ብነግራቸው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ቡሎኑን ይፈታሉ፣ እውነቴን እንደሆነ ያያሉ፣ ጨዋ ናቸውና ልጃቸው ፊት "ፕሮፌሰሩ ነው ያገኘው" ይላሉ። መኪናዋም ትነሳለች። ከዚያ በኋላ ግን የማን ስጦታ ናት?

እዚህ ላይ ስለ እናቴ ልብስ ማጠቢያ መናገር አለብኝ። አባቴ የሞተ ጊዜ እኔ ርቄ፣ በትልቁ ከተማ በአደሌድ ነበርኩ፤ ሥራ ነበረኝ፣ ሰበብ ነበረኝ። ማታ ማታ ለእናቴ ስደውል "ዴስ መጥቶ ልብስ ማጠቢያውን እየሠራልኝ ነው" ትለኛለች። በነጋታውም ዴስ ነው፣ በሳምንቱም ዴስ ነው። ማጠቢያው ሦስት ሳምንት የወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተበትኖ ከረመ፤ እናቴ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀምጣ ቡሎን ታቀብላለች። እኔ በስልኩ ጫፍ ሆኜ እስቅባቸው ነበር። እናቴም ካረፈች በኋላ አንድ ቀን ቤሪልን "ለመሆኑ ያ ማጠቢያ ምኑ ነበር የተበላሸው?" ብዬ ጠየቅኳት።

"ምኑም" አለችኝ። "ሰው ቤት በየቀኑ ያለ ምክንያት ይገባል እንዴ?"

ዓርብ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሊቀ ሽቦ እንደ ልማዳቸው ፓስቲያቸውን በልተው፣ የፈረስ እሽቅድምድም በሬዲዮ ከፍተው፣ ሁለተኛው ውድድር ሳይጀመር አንቀላፉ። እኔ አንድ መፍቻና ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት ኪሴ ከትቼ ከፒካፗ ሥር ገባሁ። በሕይወቴ ብቻዬን ከመኪና ሥር ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። ቡሎኑን ፈታሁ። ሥሩን ፋቅሁ፣ ፋቅሁ። ቀለሙ ተላጠ፣ ዘይቱ እንደ ቆዳ ተገሸለጠ፣ ሁለተኛው ቀለም ወጣ፣ ሁለተኛው ዘይት ወጣ፤ ፍቅር ንብርብር ካለው እንዲህ ነው። በመጨረሻ የጣት ቀለበት የምታህል ነጭ ብረት ብልጭ አለች። ሽቦውን መልሼ አጥብቄ አሰርኩት።

ወጥቼ ቀና ስል ቤሪል በወጥ ቤቱ መስኮት ቆማለች፤ ሳህን ታደርቃለች። አየችኝ። አየኋት። አንገቴ ላይ አፈር፣ እጄ ላይ መፍቻ። እጇን ዘረጋችና የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ አደረገችው።

ስምንት ሰዓት ላይ ሊቀ ሽቦ አዲስ ሪሌ ይዘው መጡ፤ አራተኛው መሆኑ ነው። ፊታቸው የሦስት ቀን ፂም አብቅሏል። አይቀልዱም፣ አይረግሙም። ሪሌውን ሰኩት። ሜሪን ከመሪው ኋላ ተቀምጣ ነበር፤ ልትናገር ወስና የመጣች ሰው ፊት ነበራት።

"አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ—"

"መጀመሪያ ቁልፉን አዙሪ።"

"አይ፣ አሁን ልንገርህ።"

"አዙሪና ንገሪኝ፣ ልጄ።"

አዞረች። ከኋላ፣ ከታንከሩ ሥር፣ ፓምፑ ለሁለት ሰከንድ ያህል እንደ ንብ ጮኸና ቆመ፤ ማድረግ የሚገባውም ይህንኑ ነው። ሊቀ ሽቦ በጣታቸው ብቻ "ቀጥዪ" አሏት። ሞተሪኖው አንዴ ዞረ፣ ሁለቴ ዞረ፣ ሞተሩ ተነሳ።

ሜሪን ግንባሯን መሪው ላይ ደፋች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ትሳቅ ታልቅስ ከውጭ አልለየሁም።

"ሪሌው ነው" አሉ ሊቀ ሽቦ። "አላልኩም? ከመጀመሪያውም ሪሌው ነው ብያለሁ።"

"ብለሃል" አልኩ። እውነት ነው፤ በሦስት ቀን ውስጥ ያላሉት ነገር አልነበረም።

"ምን ነበር ልትነግሪኝ የፈለግሽው?" አሏት።

"ረሳሁት" አለች ሜሪን። ቆየት ብላ ከጋራዡ ኋላ ዞራ ስትደውል ሰማኋት። "ይቅርታ፣ አልመጣም። አይ፣ ዋጋው አይደለም። መኪና አለኝ።"

እስከ ማታ የሪሌው ታሪክ በከተማው ተዳረሰ፤ ዶሪን ሁለት ጊዜ ሰማችው። በየቦታው እኔ ምስክር ሆኜ ራሴን ነቀነቅሁ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሻንጣው ተጭኖ፣ ውኃው ተሞልቶ፣ ቤሪል ለመንገድ የሠራችው ፓስቲ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሳለ፣ ሊቀ ሽቦ "ለመጨረሻ ልየው" ብለው ከመኪናዋ ሥር ገቡ። ታንከሩ ጋ ሲደርሱ ያለ ወትሯቸው ቆዩ። እኔ የሚታየኝ እግራቸው ብቻ ነው፤ እግሮቹ አይንቀሳቀሱም። ሲወጡ ጣታቸውን በጨርቅ አንድ በአንድ ጠረጉ። ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ወደ ጎማው ዞሩና ለሜሪን ስለ ነፋሱ ልክ አስተማሯት። እሷም እንደማታውቅ ሆና ሰማቻቸው፣ አቀፈቻቸው፣ ሄደች። የሞተሩ ድምፅ እስኪጠፋ መንገዱ መሀል ቆሙ። ድምፁ ከጠፋ በኋላም ቆሙ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ሊቀ ሽቦ ናቸው፤ የመሣሪያ ሳጥናቸውን ይዘዋል።

"ፕሮፌሰር።"

"ዴስ።"

"ደውላ ነበር። ደርሳለች። አንዴም አላስቸገረቻትም።"

"እሰይ።"

ሌላ የሚናገሩት ያላቸው መሰለኝ። ሳጥኑን ከቀኝ እጃቸው ወደ ግራ አዛወሩ። የበሬን ማጠፊያ አዩ፣ የመብራቱን ማብሪያ አዩ፣ ከዚያ ወደ ጣራዬ አንጋጠጡ።

"አሸንዳህ ያፈሳል" አሉኝ።

ዝናብ ከጣለ ሦስት ወር ሆኖናል። ወጥቼ ከአጠገባቸው ቆሜ አንጋጠጥኩ። አሸንዳው ደረቅ፣ ቀጥ ያለ፣ ጤነኛ ነበር።

"እኔም ሳስበው ነበር" አልኳቸውና መሰላሉን ላመጣ ሄድኩ።